የሰባት መቶ ዓመት የፍቅር ዘፈን ዛሬ እንዴት ይዘፈናል?

ዩቲዩብ ላይ ገብታችሁ «ዱስ ዳም ዦሊ» የሚለውን ዘፈን ፈልጉ። አንዱ ቡድን ከበሮና ዋሽንት አሰልፎ ያስጨፍራችኋል። ሌላው ምንም መሣሪያ ሳይነካ በድምፅ ብቻ ያዜመዋል። ሦስተኛው ላይ አንዲት ድምፃዊት ረጋ ብላ ትዘፍናለች፤ አጠገቧ የተቀመጠው ሰው ሉት በሚባል የክር መሣሪያ ያጅባታል። ግጥሙ አንድ ነው። ዜማውም አንድ ነው። ጆሮ ላይ ሲደርስ ግን ሦስት ዘፈን ይመስላል።

ታዲያ ትክክለኛው የትኛው ነው? ብዙ አድማጭ የሚጠይቀው ይህን ነው። ለመመለስ ብራናው ላይ የተጻፈውን ብቻ ሳይሆን ያልተጻፈውንም ማወቅ ያስፈልጋል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

## ዘፈኖቹ የማን ናቸው?

ነገሩ የሚጀምረው ከደቡብ ፈረንሳይ ነው። እዚያ የሚነገረው ቋንቋ ኦክሲታን ይባላል። በ1100 አካባቢ በዚህ ቋንቋ የፍቅር ግጥም ደርሰው በዜማ የሚያቀርቡ ሰዎች ተነሡ። ትሩባዱር ይባላሉ። ሥራቸው ከተረፈልን ውስጥ የመጀመሪያው የአኪታንያው መስፍን ጊዮም 9ኛ ነው።

ከዚያ ልማዱ ወደ ሰሜን ተሻገረ። የሰሜኖቹ ደራሲዎች ትሩቬር ተባሉ፤ የዘፈኑትም በጥንቱ ፈረንሳይኛ ነው። ከእነሱ አንዱ፣ የሻምፓኙ ቲቦ፣ በኋላ የናቫራ ንጉሥ ሆኗል። ስለዚህ እነዚህን ሰዎች በየመንደሩ እየዞሩ እንጀራቸውን በዘፈን የሚያበስሉ አድርጎ ማሰብ ልክ አይደለም። እንደዚያ የሚኖሩም ነበሩ፤ ነገር ግን ከደራሲዎቹ ብዙዎቹ መኳንንት ነበሩ።

ሴቶችም ደርሰዋል። ከሴት ትሩባዱሮች ሥራ ከነዜማው የተረፈልን ግን አንድ ዘፈን ብቻ ነው። ደራሲዋ የዲያ ኮንቴስ ትባላለች፤ የከዳትን ወዳጇን የምትወቅስበት ዘፈን ነው። አንድ ብቻ መሆኑ ያሳዝናል። ያ አንዱ ግን ዛሬም መድረክ ላይ በተደጋጋሚ ይሰማል።

በ1300ዎቹ ጊዮም ደ ማሾ መጣ። «ዱስ ዳም ዦሊ» የእሱ ነው። ማሾ በሻምፓኝ አውራጃ ተወልዶ የቦሄሚያው ንጉሥ የሉክሰምበርጉ ዮሐንስ ጸሐፊ ሆነ። ንጉሡ በ1346 በክሬሲ ጦርነት ሞተ። ማሾ በራንስ ካቴድራል ሹመት ነበረው፤ እስኪሞት ድረስ፣ እስከ 1377፣ ኑሮው ከዚያች ከተማ ጋር የተያያዘ ነበር። ለቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ ያቀናበረው ይኸው ሰው ነው ለፍቅር ይህን ሁሉ ዘፈን የጻፈው።

## ፍቅሩ ምን ዓይነት ነው?

ዘፋኙ የሚወዳትን ሴት እንደ ጌታ ነው የሚያያት። አሽከር ለጌታው እንደሚታመን ይታመናል፣ ያገለግላል፣ ይጠብቃል። ትሩባዱሮቹ እመቤታቸውን የሚጠሩበት «ሚዶንስ» የሚል ቃል እንኳ «ጌታዬ» እንደማለት ነው። ማሾም በዘፈኑ መግቢያ ላይ፣ ስለ እግዚአብሔር፣ ከአንቺ በቀር በእኔ ላይ ጌትነት ያላት ሌላ ሴት አለች ብለሽ አታስቢ ይላል።

ይህ አዘፋፈን ላይ ለውጥ አለው። ዘፋኙ ስሜቱን ዝም ብሎ አያፈስስም። ይከራከራል፣ ማስረጃ ያቀርባል፣ ራሱን ይወቅሳል፣ ተመልሶ ይለምናል። አንድ የትሩቬር ዘፈን ብዙውን ጊዜ አምስት ያህል አንጓ አለው፤ ዜማው በየአንጓው ይደገማል፤ ሐሳቡ ግን ወደፊት ይሄዳል። አንዳንድ ቡድኖች ተመልካች እንዳይሰለች ብለው ሁለት አንጓ ብቻ ዘፍነው ያቆማሉ። እኔ ይህን አልወደውም። ክርክሩ መሐል ላይ ይቆረጣል፤ አድማጭም ሰውየው ምን ላይ እንደደረሰ ሳያውቅ ያጨበጭባል።

## ብራናው ላይ ምን ተጽፏል? ምንስ ቀረ?

የነገሩ ሁሉ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ ዕድሜውን እንይ። ቀደምት ትሩባዱሮች የዘፈኑት በ1100ዎቹ ነው። ዘፈኖቻቸውን ሰብስበው የያዙት የብራና መጻሕፍት ግን የተጻፉት ከ1200ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ነው። በመካከሉ ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ ማለት ነው። ወደ 2,500 ገደማ የትሩባዱር ግጥሞች ተርፈዋል። ዜማ ያላቸው ከአሥሩ አንዱ ያህል ብቻ ናቸው፤ እነሱም በዋናነት በአራት መጻሕፍት ውስጥ ይገኛሉ። ትሩቬሮቹ ዕድለኞች ናቸው፤ የአብዛኛው ዘፈናቸው ዜማ ተጽፎ ቆይቷል። ችግሩ አንድ ዘፈን በሁለት መጽሐፍ ሲገኝ ዜማው አንዳንዴ አይመሳሰልም። ዘፋኙ አንዱን መምረጥ አለበት።

ሁለተኛው ምቱ ነው። የዚያ ዘመን ኖታ አራት ማዕዘን ነጥቦችን በመስመሮች ላይ ይደረድራል። ነጥቡ ድምፁ ከፍ ማለቱን ወይም ዝቅ ማለቱን ይነግረናል። ለምን ያህል ጊዜ መያዝ እንዳለበት ግን በአብዛኞቹ የትሩባዱርና የትሩቬር ዘፈኖች ላይ አይናገርም። የትኛው ድምፅ ይርዘም፣ የትኛው ይጠር? ብራናው ዝም ይላል።

የእኛን ድጓ አስቡ። ከፊደሉ በላይ ያሉት ትንንሽ ምልክቶች ዜማውን ከመምህር አፍ ለሰማ ሰው ማስታወሻ ናቸው። ትምህርቱን ላልቀሰመ ሰው ምልክቱ ብቻውን ዜማ አይሆንለትም። የትሩቬሮቹም ኖታ የተጻፈው ዘፈኑን ለሚያውቅ ሰው ነው። ልዩነቱ የድጓው መምህር ዛሬም በሕይወት መኖሩ ነው፤ ተማሪ ሄዶ እግሩ ሥር ይቀመጣል። የትሩቬሮቹ የመምህርና የተማሪ ሰንሰለት ግን ተበጥሷል። የሚጠየቅ ሰው የለም።

ይህን ክፍተት ለመሙላት ምሁራን ከመቶ ዓመት በላይ ተከራክረዋል። በ1900ዎቹ መጀመሪያ ፒየር ኦብሪና ዣን ቤክ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች አንድ መልስ ይዘው ቀረቡ፤ ሐሳቡን መጀመሪያ ያመነጨው እኔ ነኝ እኔ ነኝ በሚልም ተጣሉ። መልሱ ይህ ነው፦ በዚያ ዘመን የፓሪስ የቤተ ክርስቲያን ዝማሬ ረጅምና አጭር ድምፅ እያፈራረቀ በሦስት በሦስት ይመታ ነበር፤ ዘፈኖቹም በዚያው ምት ይሂዱ። ለአሥርት ዓመታት ብዙ ሰው እንዲህ ዘፈነ። ዘፈኑ ሁሉ በአንድ ዓይነት ምት የሚነጥር ሆነ።

በ1972 ሄንድሪክ ቫን ደር ቬርፍ ይህን ተቃወመ። ግጥሙን እንደ ንግግር አንብቡት፤ ምቱ ከቃሉ ይወጣል አለ። ጆን ስቲቨንስ ደግሞ በ1986 ሌላ መንገድ አሳየ፦ እያንዳንዱ ክፍለ ቃል በግምት እኩል ጊዜ ይውሰድ፤ አንድ ክፍለ ቃል ላይ ሦስት ድምፅ ካለ ሦስቱ በዚያችው ጊዜ ውስጥ ይግቡ። ዛሬ ብዙ ዘፋኞች በእነዚህ በሁለቱ መካከል ሆነው ይሠራሉ። አንድ ቀረጻ ነጻና ተራኪ፣ ሌላው ዳንኪራ የሚመታ የሚሆንበት ዋናው ምክንያት ይህ ነው።

በማሾ ዘመን ይህ ችግር ይቀላል። በ1320 አካባቢ ፈረንሳይ ውስጥ አዲስ የኖታ አጻጻፍ ተስፋፋ፤ የድምፁን ርዝመትም በግልጽ ይነግራል። ስለዚህ የ«ዱስ ዳም ዦሊ» ምት ግምት አይደለም፤ ተጽፏል። ፍጥነቱ ግን አልተጻፈም። ድምፁ ከየት እንደሚነሣም እንደ ዛሬው ፒያኖ የተወሰነ አይደለም፤ ድምፃዊቷ የሚመቻትን ትመርጣለች፣ ሉቱም በእሷ ልክ ይቃኛል።

## ሉት ምንድን ነው?

በሱዳንና በየመን ሙዚቃ የምንሰማው ኡድ የሉት አባት ነው። ስሙም «አል ኡድ» ከሚለው ዐረብኛ የመጣ ነው። ወደ አውሮፓ የገባው ሙስሊሞች ባስተዳደሯቸው በስፔንና በሲሲሊ በኩል ነው። ሆዱ ለሁለት እንደተከፈለ ፒር ክብ ነው፤ ከስስ የእንጨት ቅንጣቢዎች ይሠራል። ፊቱ ጠፍጣፋ ነው። አውታሮቹ ከበግ አንጀት የሚሠሩ ሲሆን በጥንድ በጥንድ ይታሰራሉ።

የመካከለኛው ዘመን ሉት አራት ወይም አምስት ጥንድ አውታር ነበረው፤ የሚመታውም ከወፍ ላባ በተሠራ መምቻ ነበር። ይህ ትንሽ ዝርዝር ይመስላል፤ ግን ብዙ ነገር ይወስናል። በመምቻ አንድ ሰው በአንድ ጊዜ በዋናነት አንድ ዜማ ነው የሚጫወተው። ሁለትና ሦስት ዜማ በአንድ እጅ ማጫወት የተለመደው መምቻው ቀርቶ በጣት መምታት ሲመጣ ነው፤ ይህም በ1400ዎቹ መገባደጃ ነው። ለሉት ብቻ የተዘጋጀ የኖታ አጻጻፍም የታየው ያኔ ነው። ስለዚህ አንድ ተጫዋች በስድስት ጥንድ ሉት ላይ በጣቶቹ እያሽሞነሞነ የ1200ዎቹን ዘፈን ሲያጅብ ብትሰሙ፣ ደስ ሊል ይችላል፤ መሣሪያውና አመታቱ ግን ከዘፈኑ ሁለት መቶ ዓመት በላይ ይዘገያሉ።

ሌላም ችግር አለ። ከዚያ ዘመን ቀጥታ የወረስነው ሉት በእጃችን የለም። ዛሬ የሚሠሩት በሥዕልና በቅርጻ ቅርጽ ላይ እየተመለከቱ ነው። አንድ ትልቅ ረዳት አለ፦ በ1440 አካባቢ አንሪ አርኖ ደ ዝዎሌ የሚባል ሰው ሉት እንዴት እንደሚነደፍ በኮምፓስና በማስመሪያ ሥሎ ትቷል። የእጅ ጽሑፉ ፓሪስ በሚገኘው የፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል።

## በእርግጥ ዘፈኖቹን በሉት ያጅቡ ነበር?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። የዘፈን መጻሕፍቱ ይህ ዘፈን በሉት ይታጀብ ብለው አይጽፉም። ስለ የትኛውም መሣሪያ አይጽፉም።

ከጎን የሚገኝ ማስረጃ ግን አለ። በ1300 አካባቢ ስለ ፓሪስ ሙዚቃ የጻፈው ዮሐንስ ደ ግሮኬዮ ጎበዝ የቪየል ተጫዋች ማንኛውንም ዓይነት ዘፈን ይጫወታል ይላል። ቪየል በደጋን የሚመታ መሣሪያ ነው። ማሾም በአንድ ረጅም ግጥሙ የመሣሪያ ስሞች ሲደረድር ሉትን ይጨምራል። በዚያው ግጥም ውስጥ ሴቶችና ወንዶች ክብ ሠርተው እየዘፈኑ ይጨፍራሉ፤ መሣሪያም ተጫዋችም አልነበረም፣ ዘፈን ብቻ እንጂ ይላል። ማሾ እንደ «ዱስ ዳም ዦሊ» ያሉ ዘፈኖቹን የሚጠራው በጭፈራ ስም ነው። ስለዚህ የሚያስጨፍረው ቡድን ከሜዳ አልተነሣም። ከበሮው ነው ግምቱ።

ከሁሉ የሚገርመኝ ማስረጃ ግን ማሾ በስተርጅናው ከጻፈው መጽሐፍ የሚገኘው ነው። በመጽሐፉ ሽማግሌው ባለቅኔና ፔሮን የምትባል ወጣት ሴት ደብዳቤና ዘፈን ይለዋወጣሉ። ታሪኩ እውነት ነው ወይስ ፈጠራ የሚለው ምሁራንን እስከ ዛሬ ያከራክራል። በአንዱ ደብዳቤ ማሾ አዲስ ዘፈን ይልክላትና ምንም ሳትጨምር ሳትቀንስ እንደተሠራው እንድትማረው ይለምናታል። ወዲያው ደግሞ ዘፈኑ በኦርጋን፣ በከረጢት ዋሽንት ወይም በሌላ መሣሪያ ቢጫወቱት ለባሕርዩ ይስማማል ይላል። አትንኩት ያለው ሰው ራሱ በሩን ከፈተ።

በ1980ዎቹ ክርስቶፈር ፔጅ የሚባል እንግሊዛዊ ምሁር ከባድ ክርክር አስነሣ። የግጥም መጻሕፍትንና ልብ ወለዶችን አበጥሮ፣ የመኳንንቱ የፍቅር ዘፈን አብዛኛውን ጊዜ ያለ መሣሪያ ይዘፈን ነበር አለ። የመሠረተው ጎቲክ ቮይስስ የተባለ ቡድንም በድምፅ ብቻ ዘፍኖ አሳየ። ከዚያ በፊት ግን ነገሩ ሌላ ነበር። በ1960ዎቹና በ70ዎቹ ቶማስ ቢንክሊ ሙኒክ ከነበረው ቡድኑ ጋር ከሞሮኮ ሙዚቀኞች እየተማረ ዘፈኖቹን በሉትና በሌሎች መሣሪያዎች ያስውብ ነበር። ሁለቱም ወገን ዛሬም ተከታይ አለው።

ማስረጃው እንዲህ ከሆነ ለምን ሉት? ቪየልና በገና መሰል ሃርፕ በጽሑፍ ይበልጥ ተመስክሮላቸዋል። ሉት የሚመረጠው ግማሹ በታሪክ፣ ግማሹ በተግባር ነው። ድምፁ ለስላሳ ስለሆነ ቃላቱን አይሸፍንም። ተመትቶ ወዲያው ስለሚከስም ለድምፃዊቷ ቦታ ይለቃል። ግጥሙ ዋና በሆነበት ዘፈን ይህ ትልቅ ነገር ነው።

## ታዲያ ድምፃዊቷና ሉተኛው ምን ያደርጋሉ?

ሥራው ከመዝፈን በፊት ይጀምራል። ድምፃዊቷ ግጥሙን እንደ ንግግር ደጋግማ ታነባለች። አነጋገሩም የዛሬው ፈረንሳይኛ አይደለም። ዛሬ የማይነገሩ የቃል መጨረሻ ድምፆች ያኔ ይነገሩ ነበር፤ «ር» እንደ እኛ «ር» በምላስ ጫፍ ይንከባለል ነበር። በዛሬው የፓሪስ አነጋገር ከተዘፈነ ቤት መምቻው አንዳንዴ ይፈርሳል፤ የክፍለ ቃሉም ቁጥር ከዜማው ጋር አይገጥምም።

ቀጥሎ ሉተኛው ይወስናል። ዜማው አንድ መስመር ብቻ ከሆነ ጥቂት መንገዶች አሉት። ድምፃዊቷ የምትለውን ተከትሎ፣ ትንሽ እየለዋወጠ፣ አብሯት መሄድ ይችላል። አንድ ወይም ሁለት ድምፅ ሥር ሥሩን እየመታ መሬት ሊሰጣት ይችላል። በአንጓዎች መካከል ብቻውን ተጫውቶ ትንፋሽ እንድትሰበስብ ማድረግም ይችላል። መጀመሪያ ላይ ጥቂት ተጫውቶ ጆሮዋን ወደ ቅኝቱ ያስገባታል። ከእነዚህ አንዱም ብራናው ላይ የለም። ሁሉም የእሱ ፈጠራ ነው፤ ጥሩ ሉተኛ የሚለየውም መቼ ዝም እንደሚል በማወቁ ነው።

ዘፈኑ ባለ ሁለት ወይም ባለ ሦስት ድምፅ ከሆነ ነገሩ ይለያል። በማሾም ሆነ በ1400ዎቹ በነበረው ደራሲ በቤንሿ ዘፈኖች ግጥሙ በብዛት የሚጻፈው ከላይኛው ድምፅ ሥር ነው። የታችኞቹ ቃል የላቸውም። ድሮ ቃል ከሌለው ለመሣሪያ ነው ይባል ነበር፤ እነ ፔጅ ደግሞ በአናባቢ ድምፅ ይዜማል አሉ። ሉት ባለበት ግን ሉተኛው የታችኛውን መስመር ይይዛል። ሦስት ድምፅ ከሆነና ሉቱ በመምቻ የሚመታ ከሆነ ሁለተኛ ተጫዋች ያስፈልጋል።

አዝማች ባላቸው ዘፈኖች ላይ የሚነሣው ሌላው ጉዳይ አዝማቹ ራሱ ነው። ሮንዶ የሚባለውን ዓይነት ውሰዱ። በመሠረታዊ ቅርጹ ስምንት ስንኝ አለው፤ የመጀመሪያው ስንኝ ሦስት ጊዜ፣ ሁለተኛው ሁለት ጊዜ ይመጣል። ዜማውም ሁለት ክፍል ብቻ ነው። ያው ቃል ሲመለስ ሐሳቡ ግን አድጓል፤ መጀመሪያ ሰላምታ የነበረው መጨረሻ ላይ ልመና ይሆናል። ድምፃዊቷ ሦስቱንም አንድ ዓይነት ከዘፈነችው ዘፈኑ ይሞታል።

## ለምን ለጆሮ እንግዳ ይመስላል?

ቅኝቱ ነው። በዚያ ዘመን ዶ እና ሶል ፍጹም ተስማምተው ይቃኛሉ፤ የቀረው ሁሉ ከዚያ ይሰላል። በዚህ ስሌት የዶ እና የሚ ርቀት ከዛሬው ፒያኖ ትንሽ ይሰፋል። አብረው ሲሰሙ ይወጠራሉ፣ ወደ ሌላ ድምፅ መሄድ ይፈልጋሉ። ሙዚቃው ወደፊት የሚገፋው በዚህ ውጥረት ነው። ሉት ለዚህ ይመቻል፤ በአንገቱ ላይ ያሉት መለያዎች የታሰሩ የአንጀት ክሮች ስለሆኑ ወዲያና ወዲህ ይንሸራተታሉ። አንጀቱ ግን እርጥበት አይወድም። ሉተኛው በየዘፈኑ መካከል ሲቃኝ ብታዩት አትገረሙ።

## ብራናዎቹን ማየት ይቻላል?

ይቻላል፤ በነጻ። የፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ጋሊካ በሚባለው ድረ ገጹ አስቀምጧቸዋል። «ፍራንሴ 844» የሚለው ቁጥር የትሩቬሮችን ትልቅ መድበል ያወጣላችኋል፤ የዲያ ኮንቴስ ዜማ የተረፈው በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ነው። «ፍራንሴ 1584» ደግሞ የማሾ ሥራዎች ናቸው። ማውጫው ላይ፣ ጊዮም ደ ማሾ በመጽሐፉ እንዲኖር የሚፈልገው ቅደም ተከተል ይህ ነው የሚል መስመር ተጽፏል። አንድ ቀረጻ እያዳመጣችሁ ገጹን ክፈቱና ተከታተሉ፤ ድምፃዊቷ የምትለው ነጥብ በነጥብ እዚያ አለ፣ ሉተኛው የሚመታውን ግን የትም አታገኙትም።